ደረጃ የሌለው ቤት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጣሰው፣

ሰላም ነህ ወይ? ዴንቨር ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ያ ሳልህ ሳይነሳብህ አንገትህን ሸፍን። እኔና ልጅህ ሩሃማ ደህና ነን። ፊደሌ ተንጋዶ ብታየው አትሳቅ፤ ቀኝ እጄ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። በስልክ ያልመለስኩልህ፣ አንተ ስትጮህ የማስበው ሁሉ ስለሚጠፋኝ ነው።

መልእክትህን ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ መታመሜን ነግረውህ፣ "ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ፤ እኔ ካልደገፍኩሽ ማን ይደግፍሻል?" ብለሃል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ሳታቋርጠኝ ስማኝ። መቼም በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው።

በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ፣ ሰውነትን እንዲጠብቁ የተፈጠሩት የደም ሕዋሳት ራሳቸው ተነስተው የነርቩን ሽፋን ይበሉታል። ነርቩ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሆናል፤ እግሬን ተራመድ ስለው ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። "ጠባቂው ራሱ ነው የሚመታው ማለት ነው?" አልኩት። "አዎ" አለኝ። ይህስ ለእኔ አዲስ አይደለም አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ የወደቅሁት ካናል ዊንቸስተር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ስሠራ ነበር። ሳጥን ይዤ ስሄድ ግራ እግሬ ከዳኝና ፊቴ ከመደርደሪያው ብረት ጋር ተላተመ። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። ነርሷ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ "ወደቅሁ" አልኳት። አላመነችኝም። እንዴት ታምነኝ? ከዚያ በፊት ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ እዚያው ሄጃለሁ፤ አንዴ ጥርሴን ያወለቅክ ጊዜ፣ አንዴ ክንዴን ጠምዝዘህ የሰበርክ ጊዜ። ሁለቱንም "ከደረጃ ወደቅሁ" ብዬ አስጽፌያለሁ። ዋይንላንድ ፓርክ ያለው ቤታችን ደግሞ ምድር ላይ ነው፤ አንድ ደረጃ እንኳ የለውም! አንተን ላድን ብዬ የዋሸሁትን እንኳ አሳምሬ አልዋሸሁትም። ነርሷ እግሬን ሳታይ፣ ባሏ የሚመታት ሴት የምትደውልበት ስልክ ቁጥር ያለበት ትንሽ ካርድ ጫማዬ ውስጥ ሸጉጣ ሰደደችኝ። ክፉ አላሰበችም። ግን በሽታዬ በአንተ ቡጢ ሥር ተደብቆ ዓመታት ኖረ።

ከዚያ የድስቱ ቀን መጣ። እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ሳቀርብ ድስቱ ከእጄ አመለጠና ወጡ ሱሪህ ላይ ተረጨ። "እልህሽን በድስት ትወጪብኛለሽ?" አልክ። "እጄ ነው ጣሰው፣ እጄ እምቢ አለኝ" አልኩህ። "እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ!" ብለህ በፀጉሬ ይዘህ ራሴን ከፍሪጁ ጋር አጋጨኸው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው የፍሪጁ እጀታ ተነቅሎ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ትዝ የሚለኝ ደሜ ከወጡ ጋር ተቀላቅሎ በሰቆው መሀል ሲሄድ፣ ሩሃማም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለፖሊስ አድራሻችንን ስትናገር ነው። አንተ ፖሊስ ሳይደርስ መኪናህን አስነስተህ ሄድክ። ይኸው ሦስት ዓመት።

አንተ ከሄድክም በኋላ መውደቄ አልቀረም። ሆስፒታል ስሄድ "አሁንም አብሮሽ ይኖራል?" አሉኝ። "የለም፣ ዴንቨር ነው" አልኩ። እግሬን ያዩልኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን በሽታውን ቶሎ ለይቶ ለማወቅ የሚያጠኑ ሐኪሞች ዘንድ ገብቻለሁ። መጀመሪያ ቅጽ ሲያስሞሉኝ "ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ ካልኩ ከጥናቱ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ "አይ፣ ወድቄ ነው" ልል አፌን ስከፍት፣ ሩሃማ "ማሚ፣ ኖ። ጀስት ቴል ዘም፣ ንገሪያቸው" አለችኝ። ተናገርኩ። "ስንት ጊዜ?" አሉኝ። "አልቆጠርኩም" አልኩ። በስልክ የሚተረጉምልኝ ሰውዬ ለእነሱ ከመንገሩ በፊት፣ "እህቴ፣ አልቆጠርኩም ነው ያልሽው?" አለኝ። አዎ አልኩት።

አላስወጡኝም። ዶክተሩ በማሽን የተነሳውን የአንጎሌን ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ አሳየኝ፤ አሥራ አንድ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። የዚህ በሽታ ነጥብ ብዙውን ጊዜ መሀሉ ላይ ቀጭን የደም ሥር ታልፍበታለች፤ የሚያጠኑትም እሷን ነው። አብረን ቆጠርን። አሥሩ ላይ አለች። አንደኛው፣ ከግራ ጆሮዬ ከፍ ብሎ ያለው፣ ባዶ ነው። "ይሄኛው ከምን እንደመጣ መናገር አልችልም" አለ። ፍሪጁ በየት በኩል እንደነበር አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ ጣሰው፣ አትምጣ። መድኃኒቱን በዓመት ሁለት ጊዜ በደም ሥሬ ይሰጡኛል። ደብተርም ሰጥተውኛል፤ በወደቅሁ ቁጥር ቀኑንና ቦታውን እጽፋለሁ። መስከረም ላይ አምስት ነበር፣ በዚህ ወር ገና ሁለት። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቁት በዚያ ነው። አንተ እዚህ ቤት ከገባህ ግን "ወደቅሁ" ብዬ ስጽፍ ማን ያምነኛል? ናፍቀኸኛል፤ አልዋሽህም፣ ውሸት ሰልችቶኛል። ግን አትምጣ።

ትናንት ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ወድቄ ቅንድቤ ተፈነከተ። ሩሃማ ሮጣ መጣች። "ዋት ሀፕንድ? ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ወደቅሁ" አልኳት። "ኦኬ" ብላ ፕላስተር ልታመጣ ሄደች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረውን ሻርፕህን አጥቤ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፤ እጅህንም ይባርክልህ፣ ለሥራ ብቻ ያድርግልህ።

የሩሃማ እናት
ስመኝ