ጣቢያዋ እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለቃለሕይወት ሰውአገኝ፤ ካለህበት ዴንማርክ።

ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ሥራህን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ያ የብርድ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዞሃል? ዐቢይ ጾሙንስ እዚያ በረዶ መሀል እንዴት አድርገህ ያዝኸው? የላክሁልህ ሽሮስ ደረሰህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባ አሉ፣ ባለቤቴ አድማሴ አለ፣ ልጄ ንጋትም ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ይህን ሁሉ በስልክ አለመንገሬ ይገርምህ ይሆናል። ስልኩ ከአባባ እጅ አይለይም፤ አንተም ብትሆን እኔ ሦስት ቃል ሳልናገር እታለም ለአባባ ስጭልኝ ትላለህ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍሁት፤ ላሊበላ ወርጄ ፎቶ አስነስቼ እልክልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

በጥር ለአገር ልጆች ስለ አየር በአማርኛ ያስተማርኸውን ቪዲዮ አባባ ስንት ጊዜ እንዳስከፈቱኝ ብነግርህ አታምነኝም። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤ አንተን ማየት ባይችሉ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙሃል። ጎረቤቱም የዜማ ተማሪዎቻቸውም ሁሉ ተጠርተው ሰምተዋል። ከበረዶ ውስጥ የስንት ሺህ ዓመት አየር ታወጣለህ አሉ። ድሮ ድሮ አየሩ ለሰው የሚሆን እንዳልነበረ፣ ባሕር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቃ ነገሮች ዘመን ከዘመን እየተነፈሱ እንዳዘጋጁልን፣ ኋላ ሰው ከሰልና ነዳጅ እያነደደ ለምድር በጋቢ ላይ ጋቢ እንደደረበላት ስትናገር የአባባ እንባ ይወርዳል።

የአየር ንብረት ለውጥ ስትል ግን ግራ ገባቸው። እሳቸው የሚያውቁት ንብረት በሬና መሬት ነው፤ ለውጥም ገበያ ወጥቶ አህያን በላም መለወጥ ነው። የአየርን ንብረት ማን ወሰደው፣ በምንስ ለወጠው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ፋብሪካና መኪና ያላቸው ሰዎች ወሰዱት፣ ለእኛ ድርቁን ሰጡን አልኋቸው። ደህና መልስ የመለስሁ መስሎኝ ነበር። እስቲ ለማንኛውም ቃለሕይወትን ጠይቂው አሉኝ!

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። በልጋችን ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱን በመስመር ካሳየህ በኋላ፣ ቁጥሩ ከአንድ የገጠር ጣቢያ የተገኘ ነው አልህ። ጣቢያ! እኔ የማውቀው ጣቢያ ሰው ተደባድቦ የሚታሰርበትን ነው። ያንተ ጣቢያ እኮ አጥራችን ውስጥ የቆመ አንድ የዝናብ መለኪያ ጣሳና አንዲት ሴት ናት። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የጣሳውን ውሃ በመስፈሪያው ብርጭቆ ለክቼ ሚሊ ሜትሩን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ላንተም እልካለሁ። ንጋትን ያማጥሁ ዕለት ጽፌያለሁ። እማማን የቀበርን ዕለት ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ጽፌያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን የተውሁት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ከሁለታችን አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን፣ እኔ ቀረሁ። ታዲያ ስሜን ብትጠራው አፍህ ይቆስል ነበር?

ቀናሁብህ፤ ምን አስዋሸኝ። አየሩን አንተ ተማርኸው፣ ዝናቡን እኔ ቀዳሁት፣ ምስጋናው ላንተ ብቻ ሆነ። ጠዋት ከጣሳው ስመለስ ቁጥሩን ለአባባ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እህ ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። በልጉ አያስተማምንም፣ የዘር ገብሳችንን አፈር አናስበላው ብዬ ስንት ዓመት ለፈለፍሁ። ያን ጊዜም እህ። አንተ ከባሕር ማዶ አንድ ቀን ብትናገረው ግን ወንጌል ሆነ። አንጀቴ አረረ፣ ወንድሜ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ስማ። በየካቲት አጋማሽ ካፊያ ጣለና ሦስት ሚሊ ሜትር ሆነ። ላንተ አሥራ ሦስት ብዬ ላክሁልህ። በሌላው ቀን አንዷን አሥራ አንድ አደረግኋት። እስከ መጋቢት መጨረሻ አሥራ አራት ቀን ዋሽቻለሁ፤ መዝገቡም ላይ፣ ለአባባም ያንኑ። አንተም አምነኸኝ፣ ዘንድሮስ በልጉ አገገመ ብለህ ደስ ብሎህ ደወልህ፤ ከፋሲካ በኋላ ትልቁ ስብሰባ ላይ እንደምታቀርበው ነገርኸን። እዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ስታፍር ታየኝና ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። እህትህ እንዲህ ሆናለች።

ደስታው ግን አልበረከተልኝም። ከደጅ ስወጣ የበልግ ገብሳችን በጣት ቁመቱ ደርቋል፤ መዝገቡን ስገልጥ ውሃ በውሃ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን የሚያነብ ሰው በ2017 ብልባላ አገራችን ዘንቦላት ጠግባ ነበር ይላል። የተራብነውን ረሃብ እኔው ፋቅሁት ማለት ነው። በአንተ ልጨክን እችላለሁ፤ በዚህ ግን አልቻልሁም። የአሥራ አራቱን ቀን እውነተኛ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። የምታቀርበው እሱን ይሁን። ስታቀርበውም ጣቢያ እንዳትል። ሰገነት ሰውአገኝ በል። ይህን ካላደረግህ ከእንግዲህ ጣሳህን ራስህ መጥተህ ቅዳ።

አድማሴ ሰላም ብሎሃል፤ በተቆጣሽ ጊዜ አትጻፊ ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ንጋት እጅ ነሥታለች፤ በረዶ ውስጥ የተቀበረው የጥንት አየር ይሸታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

የአባባን ሰላምታ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ከብዶኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ለካ ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በጆሯቸው ይለኩት ኖሯል፤ ጠዋት እኔ ከምነግራቸው ጋር ያስተያዩት ኖሯል። ያ እህ የሚሉት ልክ ነሽ ማለታቸው ነበር። በየካቲት ቁጥሩ አልገጥም ሲላቸው እኔን አልጠረጠሩም። ሰገነት አትስትም፣ ጆሮዬ ነው ዓይኔን የተከተለው ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል። በመጋቢት የዜማ ተማሪዎቻቸውን ያሰናበቱትም ለዚህ ነው፤ እኛ የጾም ድካም መስሎን ነበር። የማይሰማ ጆሮ ይዤ የማንን ዜማ አርማለሁ ብዬ ነው አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስሁ። ዛሬ ስንት ሆነ አሉኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሳቸው ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት አልኋቸው። እኔም ሁለት ብዬ ነበር አሉ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን አቀብዬአቸው ተነሡና ተማሪዎቼን ጥሪልኝ አሉኝ። ለቃለሕይወትም ሰላም በይው ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እታለም ሰገነት ሰውአገኝ
ብልባላ፣ ላስታ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ