ጭሱ ካለቀ በኋላ፦ የመምህርት ቡዋላይ ፋሱክ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ቡዋላይ ፋሱክ ከአባታቸው ከአቶ ፑይ ፋሱክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቻንታ፣ በያሶቶን ክፍለ ሀገር ባን ኖንፋዎ በተባለችው መንደር፣ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2497 በስድስተኛው ወር ተወለዱ። ዕለቱ ዝናብ ለመለመን የቀርከሃ ሮኬት የሚተኮስበት የሮኬት በዓል ስለነበር አዋላጇ አንዴ ሲተኮስ አይቼ ልምጣ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ሕፃኗ ተወልዳ ጠበቀቻቸው። መምህርት ወደዚህ ዓለም ሲወርዱ የተቀበላቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አገሩ በሙሉ ወደ ላይ አንጋጦ ነበር።

በልጅነታቸው እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ በበዓሉ ማግስት የወደቁትን የቀርከሃ ቀፎዎች ከሩዝ ማሳ እየለቀሙ ለአጥር ያመጡ ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀፎዎቹ የሚገኙት ጭሱ ካለቀበት ቦታ ሥር ሳይሆን ከዚያ እጅግ አልፈው ነው። ለምን እንደሆነ አባታቸውን ጠየቁ። አባታቸውም፣ ጭሱ ሲያልቅ ሮኬቱን የዝናቡ አምላክ ፋያ ቴን ተቀብሎታል፣ ከዚያ ወዲያ የትም ቢጥለው የራሱ ጉዳይ ነው አሏቸው። መንደሩ በሙሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። እምነቱንም በእጁ ይገልጻል። የጭሱ ክር ሰማይ ላይ ብጥስ ሲል ይጨበጨባል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሰው ፊቱን ወደ ጭፈራው ያዞራል። ሮኬቱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። የመምህርት ዕድሜ ያለቀው በዚያ ጭብጨባና በሮኬቱ መውደቅ መካከል ባለችው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በያሶቶን ከተማ አጠናቀው ኡቦን ከሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ በ2519 በፊዚክስ ተመረቁ። የተወረወረ ነገር በውስጡ የሚያልቅ ጉልበት እንደማይሸከም የተማሩት እዚያ ነው። ባሩዱ ሲያልቅ መገፋቱ ይቆማል እንጂ መሄዱ አይቆምም። ስበት ያጎብጠዋል፣ አየር ይይዘዋል፤ እየሄደ ይወድቃል፣ እየወደቀ ይሄዳል። ይህን በደስታ ሦስት ገጽ አድርገው ለአባታቸው ጻፉ። አባታቸው ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ያነበቡላቸው የገዳሙ መነኩሴ ነበሩ። እርሳቸውም ሦስቱን ገጽ ገረፍ ገረፍ አድርገው፣ "ልጅህ ደህና ናት ትላለች" ብለው አሳጠሩት።

በዚያው ዓመት በመንደራቸው በተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበው ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው በፈተና ደካማ ነበሩ ብሎ የሚያማ ካለ ተሳስቷል። የሮኬቱን ቅስት አሳምረው ይስሉ ነበር፤ የስበቱንና የአየሩን ቀስቶች በየአቅጣጫቸው ያስቀምጡ፣ ሙሉ ማርክ ያገኙ ነበር። በስድስተኛው ወር ደግሞ ሙሉ ማርክ ያገኙት ልጆች በሙሉ ጭሱ ሲያልቅ ከወላጆቻቸው ጋር አብረው ያጨበጭባሉ። ለእነርሱ የወረቀቱ ሮኬት ሌላ፣ የማሳው ሮኬት ሌላ ነበር።

ሴት ወደ ሮኬቱ ማማ አትቀርብም፤ ከቀረበች ሮኬቱ ይከሽፋል ይባላል። ስለዚህ መምህርት ወንዶቹ የሚተኩሱበትን ትተው ወደሚወድቅበት ሄዱ። በየዓመቱ የርቀት መነጽራቸውን አንግተው ማሳው መሐል ይቆማሉ። ጭሱ ሲያልቅ ድምፃቸውን አውጥተው መቁጠር ይጀምራሉ፤ ሮኬቱ ሲያርፍ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ቦታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ይተክላሉ። ገበሬዎቹ እንደ እብድ አላዩዋቸውም፤ መምህርት ናቸውና ዝም አሏቸው።

ባለቤታቸውን አቶ ካምሲንግን ያገኟቸውም በዚሁ ማሳ ነው። አቶ ካምሲንግ ሮኬት ሠሪ ነበሩ። በ2520 ሮኬታቸው ከማማው ሳይነሳ ፈነዳና ሮኬቱ ለከሸፈበት ሠሪ እንደ ወጉ የመንደሩ ሰዎች አንሥተው ጭቃ ውስጥ ወረወሯቸው። አገር ሲስቅ አንዲት ወጣት መምህርት ብቻ ኮስተር ብላ ቆማለች።

"ምነው መምህርት፣ አንቺ ብቻ አትስቂም?" አሉ ከጭቃው ውስጥ።

"ጅራቱ አጥሯል፤ ባሩዱንም በደንብ አልጠቀጠቅከውም" አሉ መምህርት። "ጅራቱን አንድ ክንድ ጨምርበት።"

በሚቀጥለው ዓመት ሮኬቱ በሰላም ወጣ፤ በ2521 ተጋቡ። በ2523 ልጃቸውን አናንን፣ በ2528 ልጃቸውን ናፓን ወለዱ። አቶ ካምሲንግ ሚስታቸውን "የናፓ እናት" እያሉ ይጠሩ ነበር። ስለ ጅራት የሚሏቸውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ስለ መውደቂያ የሚሏቸውን ግን አንድም ቀን አልሰሙም። የእርሳቸው ሥራ ጭሱ ሲያልቅ ያልቃልና።

ናፓ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ከእናቷ ጋር ማሳ ትውል ነበር፤ ቁጥር የተማረችውም እዚያው ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ማስተማር ነገሩ ከልቡ የገባው አንድ ተማሪ ተገኘ ቢባል እርሷ ናት።

ከ2540ዎቹ ጀምሮ ሮኬቱ አደገ። ባለ አሥራ ሁለት ኪሎው ቀርቶ ባለ መቶ ሃያ ኪሎው መጣ። በማሳው ጫፍ በማንጎ ዛፎች ሥር ለሽማግሌዎችና ለሕፃናት የተሠራ ዳስ ነበር፤ ከማማው እንዲርቅ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ። መምህርት ችካሎቻቸው ከዓመት ዓመት ወደ ዳሱ ሲጠጉ አይተው አሰሉ፤ ትልቁ ሮኬት ማማው በሚያዘነብልበት አቅጣጫ ከሄደ የሚያርፈው ዳሱ ላይ ነው። ለበዓሉ ኮሚቴ ሰባት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከሥዕል ጋር ደብዳቤ አስገቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የመንደሩ ሹም አቶ ቶንግዲ ቅን ሰው ናቸው፤ ደብዳቤውን ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ይቀበሉ ነበር።

"መምህርት፣ ዳሱን ከማዛወር ፋያ ቴንን ማዛወር ይቀላል" አሉ በሰባተኛው ዓመት። "ጥላው እዚያ ነው፣ ሽማግሌው እዚያ ነው፣ ቢራው እዚያ ነው። ጭሱስ ቢሆን የሚያልቀው የት ነው? ከዳሱ ወዲህ አይደል እንዴ?"

በ2550 ናፓ በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ለበዓሉ መጥታ እንደ ልጅነቷ ከእናቷ ጋር ማሳ ወጣች። መምህርት ማሳው ውስጥ ካለው ኩሬ ማዶ፣ ናፓ ከወዲህ፣ ለዳሱ ቀረብ ብላ ቆመች። የአቶ ካምሲንግ ትልቅ ሮኬት ተተኮሰ። አወጣጡ ያማረ ነበር፤ ማማው ወደሚያዘነብልበት ሄደ። ጭሱ አለቀ። ተጨበጨበ። መምህርት አንድ ብለው መቁጠር ሲጀምሩ ናፓ ወደ ዳሱ ስትሮጥ አዩ።

ዳሱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ናፓ ሕፃናቱን አስቀድማ፣ ሽማግሌዎቹን እየጎተተች አወጣች። የመጨረሻው አቶ ቶንግዲ ነበሩ፤ ከምንጣፋቸው አልነሣም አሉ።

"ጋሼ ይውጡ፣ ገና እየመጣ ነው" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ጭሱ እኮ አልቋል። ይልቅ ቁጭ በይ፤ ደክሞሻል።"

ገፍትራ አወጣቻቸው። እርሷ ግን አልወጣችም። መምህርት ከኩሬው ማዶ ስልሳ አራት ላይ ደርሰው ነበር።

ሮኬቱ የዳሱን ዳር መታ፤ መምህርት በሥዕላቸው ላይ ምልክት ካደረጉበት ነጥብ የራቀው አሥራ ስምንት እርምጃ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ስሌት እጅግ ጥሩ ውጤት ነው። ሊመረምር የመጣው ሰው ምክንያቱን "ያልተጠበቀ ነፋስ" ብሎ መዘገበው። በዚያ ዓመት አየር ላይ ረጅም ጊዜ በመቆየት አንደኛ የወጣው ያው ሮኬት ነበርና፣ የአቶ ካምሲንግ ስምም ወዲያው ተቀርጾበት ስለነበረ ዋንጫው በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ድረስ መጣ። እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ ሩዝ መሥፈሪያው አጠገብ ተቀመጠ። ዛሬም እዚያው ነው።

ከመንደሩ ሁሉ አብዝተው ያለቀሱት አቶ ቶንግዲ ናቸው። በዓመቱ በየቤቱ ዞረው አዋጥተው ዳሱን በሲሚንቶ አሠሩት፣ "የናፓ መታሰቢያ" የሚል ጽሑፍም አስቀረጹበት። ሪባኑን እንዲቆርጡ መምህርትን ጋበዙ። መምህርት መቀሱን እንደያዙ ቆመው፣ ለምን እዚሁ ቦታ ላይ እንደተሠራ ጠየቁ።

"እዚህ ነዋ ያረፈችው፣ መምህርት" አሉ አቶ ቶንግዲ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሌላ ቦታ ብንሠራውማ ለማን መታሰቢያ ይሆናል?"

መምህርት ሪባኑን ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልጻፉም፣ ችካልም አልተከሉም። እስከ 2557 አስተምረው በጡረታ ተገለሉ፤ ተማሪዎቻቸው እስከ መጨረሻው ሙሉ ማርክ ያገኙ ነበር። አቶ ካምሲንግ ሮኬት መሥራት አቆሙ። "የናፓ እናት" ማለትም አቆሙ፤ እንደ ጭቃው ዘመን "መምህርት" ይሏቸው ጀመር። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳይነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

በ2561 አንድ ከሰዓት በኋላ መምህርት ለሰላጣ ጥሬ ፓፓያ እየወቀጡ ሎሚ ጠየቁ። አቶ ካምሲንግ ከደጃፍ ሆነው ወረወሩላቸው፤ መምህርት ቀለቡት። አቶ ካምሲንግ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀሩ።

"መምህርት፣ ሎሚው ከእጄ ከወጣ በኋላ ማን ነው የሚገፋው?"

"ማንም አይገፋውም።"

"ታዲያ ለምን ይሄዳል?"

"የሚያቆመው እስኪያገኝ ነው።"

"ጭሱ ካለቀም በኋላ?"

"ጭሱ ካለቀም በኋላ።"

አቶ ካምሲንግ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። "ያን ቀን እኔም አጨብጭቤ ነበር" አሉ።

"አውቃለሁ፤ በመነጽሩ አይቼሃለሁ" አሉ መምህርት። "ሌላ ሎሚ ካለ አምጣ፤ ይኸኛው ደርቋል።"

የመምህርት ሁለተኛ ተማሪ አቶ ካምሲንግ ናቸው። በማግስቱ ዳሱ ይነሣ ብለው ወደ ኮሚቴው ሄዱ። ኮሚቴው በክብር ተቀብሏቸው፣ ሐዘን ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ እየተነጋገረ ሸኛቸው።

መምህርት ከ2565 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዓይናቸውን ጨፍነው በሹክሹክታ ይቆጥሩ ነበር። ነርሷ ጸሎት መስሏት እጇን አጣጥፋ ትጠብቃቸዋለች። ስልሳ አራት ሲደርሱ ዝም ይላሉ፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። በ2567 በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እንዳሉ አረፉ።

የበዓሉ ኮሚቴ ለመምህርት ክብር ከአስከሬን ማቃጠሉ ሥርዓት በኋላ ባለ መቶ ሃያ ኪሎ ሮኬት እንዲተኮስ ወስኗል። ቤተሰቡ እንዲቀር ለምኖ ነበር፤ ተሠርቶ አልቋል ተባለ። የሚተኮሰው ከዚያው ማማ ነው። የክብር እንግዶች ወንበር የተደረደረው በናፓ መታሰቢያ ዳስ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከሄደበት ሰዓት ድረስ አቶ ካምሲንግ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየተሸከሙ ወደ ኩሬው ማዶ ሲያሻግሩ፣ የመንደሩ ወጣቶች ደግሞ ሽማግሌው ደክሟቸዋል እያሉ በትሕትና ወደ ዳሱ ሲመልሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የቻለ አቶ ካምሲንግን ያግዛቸው። ያልቻለ ጭሱ ሲያልቅ አያጨብጭብ፤ ከኩሬው ማዶ ቆሞ ይቁጠር። ስልሳ አራት ላይም አያቁም።

መምህርት ቡዋላይ ባለቤታቸውን አቶ ካምሲንግን፣ ልጃቸውን አናንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ሰባት መቶ ያህል ሙሉ ማርክ ያገኙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ለለቅሶው የመጣችሁ ሁሉ ምግባራችሁ ይከተላችሁ። የመምህርት ነፍስም የሄደችበትን መንገድ ጨርሳ፣ ማንም ባልቆመበት ማሳ ላይ ቀስ ብላ ትረፍ።