ባዶ የተውከው ማስጠንቀቂያ

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ከአባዬ አልጋ አጠገብ

ይድረስ ለወንድምዬ፣

ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይደርስሃል፤ አሁን ንዴቴ ይቅደም። አባዬ ተርፏል። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ደንግጠህ እንዳትወድቅ ብዬ ነው እንጂ አዝኜልህ አይደለም።

እሁድ ጠዋት የአባዬ የኦክስጅን ቱቦ ታጥፎ አየሩ ተቋረጠ። ራስጌው ላይ ያለው ስክሪን አረንጓዴ፣ ነርሶቹ ክፍል ያለውም አረንጓዴ። አንተና እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን የሠራነው ስክሪን እኮ ነው! ድምፅ የለ፣ ቀይ መብራት የለ። አጠገቡ የተኛው ሹፌር፣ እግሩ በጀሶ የታሰረው፣ የአባዬ ከንፈር ሲጠቁር አየና ቢጣራ የሚሰማው ቢያጣ የውኃ ኩባያውን አንስቶ በሩ ላይ ወረወረው። ነርሷ በዚያ ድምፅ ነው ሮጣ የገባችው። ያን ሁሉ ዓመት የለፋንበት ፕሮግራም ዝም ብሎ፣ አባታችንን ያተረፈው የፕላስቲክ ኩባያ ነው።

ለምን እንዳልጮኸ ታውቃለህ። የአልጋ መሣሪያ ሁሉ ፕሮግራም የሚወርሰውን መሠረት፣ ቤዝ ክላሱን፣ የጻፍከው አንተ ነህ። «አስጠንቅቅ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ሜተዱን፣ ባዶውን ትተኸው ሄድክ። ከዚያ የሚወርሰውን የኦክስጅኑን ክፍል፣ ክላሱን፣ የጻፈችው አንተ ከሄድክ በኋላ የተቀጠረችው ባልደረባችን ናት። ንባቡን ጻፈች፣ ማሳያውን ጻፈች፣ ማስጠንቀቂያውን ረሳች። ፕሮግራሙ ታዲያ ምን አላት? ምንም! ያንተን ባዶ ወርሶ፣ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ትናንት የአባዬን ሳልነግርህ ስለ ባዶው ሜተድ ብቻ ስጽፍልህ ደግሞ ምን ብለህ መለስክልኝ? «ከላዩ ኮሜንት አስቀምጫለሁ፣ ማንበብ ነበረባት።» ወይ አንተ! ፕሮግራሙ ራሱ የማያነበው የዳር ማስታወሻ ማንን አስቁሞ ያውቃል? ሜተዱን አብስትራክት፣ ማለት ወራሹ ሁሉ የግድ የሚሞላው፣ ብታደርገው ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈለት መሣሪያ ገና ሲነሳ ፕሮግራሙ «እምቢ» ይል ነበር። እዚያው ቢሯችን ውስጥ፣ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ፣ እኛው ላይ ይጮህብን ነበር እንጂ አባዬ አልጋ ላይ ዝም አይልም። ያን ጊዜ ስነግርህ «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ፣ ሲጎድል እናየዋለን» ብለህ ሳቅክብኝ። ይኸው፣ አየነው። ደስ አለህ?

ትናንት እኔው ግዴታ አደረግኩት። አብስትራክት አድርጌ ሳስነሳው የኦክስጅኑን ክላስ አልቀበልም አለ። አንጀቴ ራሰ። የጎደለውን ጻፍኩለትና እንደገና አስነሳሁት፤ አሁንም ሌላ ክላስ አልቀበልም አለ። የልብ ምት መቆጣጠሪያው ነው። እሱን የጻፈው ማን መሰለህ? አንተ ነህ! የገዛ ኮሜንትህን አንተም አላነበብከውም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ።

አሁን ከአንተ የምፈልገውን ልንገርህ። አለቃችን ያቺን ሴት ዓርብ ሊያሰናብታት ነው። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሰው ናት። ስብሰባ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው» እያለች ጣቶቿን ስትፈትግ አላስቻለኝም፤ ተነስቼ ቤዝ ክላሱን የጻፈው ወንድሜ ነው አልኩ። አለቃችን «በሌለ ሰው አናሳብብ» ብሎ አስቀመጠኝ። እስከ ዛሬ የእሱ ዓይን አንተ ነህ፤ ካንተ ካልሰማ አያምንም። ስለዚህ ጻፍለት። «ባዶውን የተውኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ራሴ ረስቼዋለሁ» በለው። ደግሞ «ሁኔታው እንዲህ ስለነበረ» ምናምን እያልክ እንዳታሽሞነሙነው፤ አውቅሃለሁ።

እማዬ ነገሩን አስረጂኝ ብላ ያዘችኝ። «አንድ ሰው መሣሪያዎቹ ሁሉ የግድ መሥራት ያለባቸውን ሥራ የግድ ሳያደርገው ቀረ፤ የተረሳውም ሳይጠየቅ አለፈ» አልኳት። «ማነው እሱ?» አለች። አላውቅም አልኳት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ይህን የጻፈ እጁ ይሰበር!» አለችና አሜን እንድል ዞር ብላ ታየኝ ጀመር። እንዲያ በግኜብህም ከአፌ አልወጣም። ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

አባዬ ዛሬ ቁጭ ብሎ ሾርባ ጠጥቷል። ድምፁ ገና ሻካራ ነው፤ ግን ወሬውን አልተወም። ቅድም በጣቱ ራስጌው ያለውን ስክሪን እያሳየ ለሹፌሩ «ይህንን የሠራው የበኩር ልጄ ነው» ይለዋል። ለነርሷም ነግሯታል፤ ወለል ለምታጸዳዋም ነግሯታል። ሹፌሩ የተሰነጠቀች ኩባያውን አየት አደረገና «ይባረክ» አለው። እኔ ትራሱን ማስተካከል ያዝኩ።

ብርድ እንዳይመታህ፣ ሳትበላ አትተኛ። የእማዬን እርግማን እግዜር እንዳልሰማ ይለፈው። እጅህ ደህና ይሁንልኝ፤ እስከ ዓርብ ጻፍበት።

አካባጇ እህትህ