ያንተ ሦስት ነጥቦች

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ይዞሃል? ዓይንህ ተሻለው ወይስ ዛሬም ያለ መከላከያ መነጽር እየበየድክ እማዬን ታናድዳታለህ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ለምጄዋለሁ።

ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ልክ አይደለም ስትለኝ ደክሞኝ ነው ብዬህ ነበር። ለካ አንተን ማታለል አይቻልም፤ ከሥራ ልባረር ምንም አልቀረኝም ነበር። እዚህ የጋዝ ቧንቧ የሚነካ በያጅ ሁሉ መጀመሪያ የሙከራ ቁራጭ በይዶ ይፈተናል። እኔም አንተ እንዳስተማርከኝ እሳቱን ከፍ አድርጌ፣ እጄን እያዘገየሁ፣ መጋጠሚያውን ባንድ ጊዜ ሞላሁት። ሲያምር ብታየው! ካቦው ራሱ እጅሽ ይባረክ አለኝ። ከዚያ ቁራጩን እንደ በረዶ አቀዝቅዘው በመዶሻ ማሽን ሲመቱት እንደ ብርጭቆ ከሽ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካቦው ሁለተኛውም ከተሰበረ ወደ አገርሽ ትሸኛለሽ አለኝ።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደግ ሴት ናት። ቁራጩን አለስልሳ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የተሰበረው ብየዳው ሳይሆን ከጎኑ ያለው፣ ሙቀቱ የጎዳው ብረት ነው። ሙቀት ሲበዛበትና ሲቆይበት የብረቱ ቅንጣቶች እንደ ጥሬ ጨው ይተልቃሉ፤ ያኔ ብርድ አይችልም። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ሆነው እንዲቀሩ እሳቱን ቀንሺ፣ በስስ በስሱ ደርቢ፣ በየድርቡ መሃል ጨርሶ እስኪበርድ ሳይሆን በረድ እስኪል ጠብቂ፤ የላይኛው ድርብ የታችኛውን እያሟሸ ያጠነክረዋል አለችኝ።

መጠበቅ! እኔን አታውቀኝም? እማዬ «ስትወለድም ቸኩላ ነው» የምትለኝን? እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ብረቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ባልደረቦቼ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አሉኝ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ትናንት ሁለተኛው ቁራጭ ተፈተነ። መዶሻው ሲያርፍበት ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ምን ልዋሽህ፣ ካቦው ፊት አለቀስኩ።

አባዬ፣ ቅር እንዳይልህ። ለበርና ለመስኮት ያንተ አበያየድ ወደር የለውም፤ የሰፈሩ በር ሁሉ ምስክር ነው። የዚህ ብረት ጠባይ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ጋዝ ይሄዳል፣ ላዩ በረዶ ነው፣ አጠገቡ ልጆች የሚያድሩበት ቤት አለ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ታናሿ እህቴ ጫማዬን እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ታድርገው፣ ግን ተረከዙን አትርገጠው በላት። ጎረቤታችን አናጢው አሁንም ብረት ይዝጋል እያለ የሚያበሽቅህ ከሆነ የልጄ አይዝግም በለው።

ልረሳው ነበር። እዚህ እያንዳንዱ በያጅ የራሱን ምልክት ከብየዳው አጠገብ ይመታል፤ አንድ ቀን ጋዝ ቢያፈስ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ካቦው ምልክት ምረጪ ሲለኝ፣ አንተ ከየበሩ ጀርባ የምትመታቸውን ሦስት ነጥቦች መረጥኩ። ዛሬ የመጀመሪያውን ቧንቧ በይጄ መታሁበት። ነገ ይቀበራል፤ ማንም አያየውም። አንተ ግን እወቀው ብዬ ነው።

ልጅህ፣ ዶሮዋ

ከሠራተኞቹ ሰፈር፣ ጥር 19 ቀን