የአናናስ ቢላዋሽ ጥቁረት

ምህረትዬ፣ እህቴ፣

ከተለያየን አንድ ክረምት ሙሉ አለፈ። ያ ትኩሳት ሲወስድሽ እንደ ቡጢ ትናንሽ የነበሩት አናናሶች ዛሬ በስለው ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ተከምረዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ በጀርባው መንገድ እዞራለሁ። አንድ ቀን ረስቼ ባልፍ ከሞያሌ የመጣ አውቶብስ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው «ያቺ አናናስ የምትልጠው እህትህ ዛሬ የለችም እንዴ?» አሉኝ። በመልካችን አውቀውኝ ይሆናል። «የለችም» አልኳቸው። «ነገስ?» አሉኝ። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰና ሳልመልስላቸው ቀረሁ።

አልጋሽ እዚያው ነው። እማዬ ብርድ ልብስሽን አጥፋ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ማንም አይነካውም። እራት ላይ ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ብዙ አንነጋገርም። እኔ ስለ ትምህርት አወራለሁ፣ እሷ «እህ» ትላለች። አንቺ ትስቂበት በነበረው ቦታ ላይ እሷ ሳህኑን ታነሳለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ቢላዋሽ ነው። ቀጥቃጩ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ስለሠራልሽ ስለዚያ ረጅም ቢላዋ። ተሳፋሪዎች መጥቆሩን እያዩ «ይሄ ቢላዋ ታጥቦ ያውቃል?» ሲሉሽ «እንደኔ ነው፤ ጠቆረ እንጂ አልቆሸሸም!» እያልሽ ታስቂያቸው ነበር። ለእኔ ደግሞ «ጥቁሩ የሥራ መልክ ነው፣ አይነካ» ትይኝ ነበር። የአናናሱ ጭማቂ በየቀኑ ብረቱን እየነካ ያመጣው ነው፤ ብረቱንም እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። «ቀዩ ዝገት ግን ሌባ ነው፣ ዛሬ አንድ ጥግ ከሰጠኸው ነገ ቤቱ ሁሉ የሱ ነው» ትይ ነበር። ለዚህም ነው አንድ አናናስ በላጥሽ ቁጥር ቢላዋውን በጨርቅ የምትጠርጊው። ማታ ታጥቢዋለሽ፣ ታደርቂዋለሽ፣ ፍም አጠገብ ታሞቂዋለሽ። ከዚያ አንዲት ጠብታ ዘይት ቀብተሽ ትወለውይዋለሽ። «ዘይቱን ጣት እንጂ ዓይን አይወቀው፣ ሲበዛ ይጣበቃል» እያልሽ ጨርቁን ለእኔ ትሰጪኛለሽ።

በለቅሶሽ ሰሞን ጎረቤቶች ቆጮውን የቆረጡት በዚሁ ቢላዋ ነበር። አጥበው ለእማዬ ሰጧት። እማዬም ከጓሮ ኮባ ቆርጣ ጠቀለለችው፣ በልጥ አሰረችውና አልጋሽ ሥር አስቀመጠችው። እኛ ቤት ቂቤውም፣ ቆጮውም፣ ለዘመድ የሚላከውም ሁሉ በኮባ አይደል የሚጠቀለለው? ትኩስ እንዲቆይ ነው። እማዬ ቢላዋሽንም እንዲሁ ልታቆየው ፈልጋ ነው። አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። የቅጠሉ እርጥበት ግን ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ባለፈው ሳምንት የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ዝገት አስተማሩን። ዝገት እንደ ክዳን ገጥሞ አይቀመጥም፣ እየተፈረፈረ ለውሃና ለአየር መንገድ ይከፍታል፣ ከሥሩም ይበላል አሉ። ያን ጊዜ ኮባው ትዝ አለኝ። ደወሉ እስኪደወል እንዴት እንደጠበቅሁ አላውቅም።

ስፈታው ቅጠሉ ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ስልጠው የቅጠሉ ጅማቶች ብረቱ ላይ በቀይ ታትመዋል። እማዬ አይታ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ካንቺ በኋላ እዚያ ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። «ደም ይመስላል። ለቁራሌው ስጠውና ከዓይኔ ይራቅ» አለችኝ። እስከ ቅዳሜ እንድትታገሰኝ ለመንኳት።

ጎረቤታችን በያጁ ጋሽ ደስታ ሰምተው «በግሪንደር ፈግፍጌ ባንድ ደቂቃ እንደ መስታወት አደርግልሃለሁ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን እምቢ አልኩ። ግሪንደሩ ቀዩን ከጥቁሩ አይለይማ። ያ ጥቁረት የእጅሽ ሥራ ነው፣ ምህረትዬ። ሌላ ምን አለኝ? ፎቶ ላይ እንኳ ሁልጊዜ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትወጪው።

መጀመሪያ እጀታው አጠገብ በግማሽ ሎሚና በጨው ሞከርኩ። ቀዩ ወዲያው ለቀቀ፤ ጥቁሩም አብሮት ሄደ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ራቁት ግራጫ ብረት ወጣ። አንቺን ራስሽን የፋቅሁ መሰለኝ። ሎሚውን ጣልኩና ቢላዋውን በሙሉ ዘይት ቀብቼ አሳደርኩት። በነጋታው አመድ በወንፊት ነፋሁ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ አመዱን እያስነካሁ በቀስታ ማሸት ጀመርኩ። አሻለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ብርሃን ላይ አያለሁ፣ እንደገና አሻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ይሄ ነበር። ጓደኞቼ ኳስ ሊጠሩኝ መጥተው በር ላይ ቆመው አዩኝና ኳሳቸውን ይዘው ሄዱ። ቀዩ በጨርቁ ላይ ወጣ፤ ጥቁርሽ ቀረ። ስለቱ አጠገብ ዝገቱ የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ግን አሉ፤ እነሱ አይሞሉም።

ቅዳሜ ቢላዋውን እማዬ ፊት አስቀመጥኩት። አገላብጣ አየችው። ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ቁራሌውን ልትጠራ መስሎኝ ነበር። የተመለሰችው አንድ አናናስ ይዛ ነው። ካንቺ በኋላ አናናስ ወደ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አንቺ እንደምታደርጊው አናቱ ላይ ያለውን የቅጠል ጉንጉን ይዤ ዙሪያውን ልልጥ ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ ልጣጩን አወፈርኩት። «ግማሹን ለልጣጩ ሰጠኸው» አለች እማዬ። አንቺን ትናገርሽ በነበረበት በዚያው ድምፅ ነው ያለችው። በላን። ሳላስበው ለሦስት ሰው ቆርጬ ኖሮ አንዱ ቁራጭ ሳህኑ ላይ ቀረ። ሁለታችንም አላነሳነውም።

ከበላን በኋላ ቢላዋውን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ፍም አጠገብ አሞቅሁ፣ ዘይቱን ቀባሁ። ጨርቁን እንዳንቺ ልሰጥ እጄን ዘረጋሁና የሚቀበለኝ እንደሌለ ትዝ አለኝ።

ያ በሎሚ የፋቅሁት ቦታ ሰማያዊ መምሰል ጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልጥበት ይጠቁራል። አንድ ቀን ያንቺ ጥቁረት የት እንዳበቃ፣ የኔ ከየት እንደጀመረ ማንም አይለይም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ሰኞ በመናኸሪያው በኩል አልፋለሁ። ያቺ ሴትዮ ወይም ሌላ ሰው ከጠየቀኝ እህቴ እንደነበርሽና ስምሽ ምህረት እንደሆነ እነግራለሁ። ኮባ ውስጥ ጠቅልዬ አላስቀምጥሽም። እኔ እያለሁ ቢላዋሽ እርጥብ አያድርም።

ወንድምሽ ዮሴፍ