ስለ አንድ ልቦለድ የጻፍኩት ወረቀትና እናቴ የሳመችው ጉልበት

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለንደን

ለወ/ሮ ኂሩት ገብረመድኅን
የወገን መረዳጃ ማኅበር የቁጥጥርና አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኬኒንግተን፣ ለንደን

አመልካች፦ እሌኒ ኪዳነማርያም፣ የማኅበሩ የቅዳሜ ትምህርት ክፍል መምህርት (አሁን የታገደች)

ጉዳዩ፦ ለተማሪዎች ያዘጋጀሁት የልቦለድ ጭብጦች ዝርዝር የስም ማጥፊያ ጽሑፍ ተብሎ ክፍሌ ስለ መዘጋቱ፣ እንዲሁም እናቴ ለእርቅ ብላ ያደረገችው እንደ እምነት ቃል ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ስለ መስፈሩ

ክብርት ሰብሳቢ ሆይ፣

በዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ለሥራ አስፈፃሚው ኮሚቴ አስገብቼ ለአንዱም መልስ አላገኘሁም። በሦስተኛው ላይ ቃሌ ከረር ብሎ ነበር። ይህኛው እንደዚያ አይሆንም፤ ደክሞኛል። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

1. ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴ ከወ/ሮ ብፅዓት ጋር ወደዚህ አገር መጥቼ እዚሁ ተምሬአለሁ፤ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኪልበርን በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሠራለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በማኅበራችን አዳራሽ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ለኤ-ሌቨል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆቻችንን በነፃ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ስድስት ናቸው። አብዛኞቹ ወደዚህ የመጡት በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ አንድን ሐሳብ መጀመሪያ በአማርኛ ካልጨበጡት በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ የክፍል ወረቀቶቼን በአማርኛ አዘጋጃለሁ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

2. ለዘንድሮው ፈተና የተመደበላቸው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ ወፍራም ልቦለድ ነው። ታሪኩ ከለንደን ርቃ ባለች ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ይካሄዳል። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ሳይመሽ ይታወቃል። ቅዳሜ የካቲት 29 ቀን የመጽሐፉን ዐበይት ጭብጦች ልንወያይባቸው ነበርና አንድ ገጽ ላይ አምስት መስመር ጻፍኩ። ቃል በቃል እንዲህ ይላሉ፦

ሀ) ትዳርን ከአባቷ ቤት መውጫ በር ያደረገች ሴት ወዴት ትደርሳለች?
ለ) በሕዝብ ፊት የሚጾምና የሚመጸውት፣ ትናንቱን ግን ማንም እንዲጠይቅ የማይፈልግ ሰው።
ሐ) ሟች በኑዛዜው ሕያዋንን ሲገዛ።
መ) ትንሿን ከተማ ሊለውጥ የመጣ የተማረ ሰው፣ ትንሿ ከተማ ስትለውጠው።
ሠ) ሐሜት፦ ዳኛም ጠበቃም የሌለው ችሎት።

ራስጌው ላይ «የልቦለዱ ዐበይት ጭብጦች፤ ለክፍል ውይይት» የሚል አለ። ስሜ የለበትም። መምህር ለተማሪዎቿ በምታድለው ወረቀት ላይ አትፈርምም።

3. አንዱ ቅጂ ታች፣ ሻይ የሚፈላበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተረሳ። አንድ የማኅበራችን አባል ፎቶ አነሡት፤ ራስጌው ላይ ኩባያ ተቀምጦበት ስለነበር በፎቶው አይታይም። በማግስቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ፎቶው በማኅበሩ ዋትስአፕ ለሁሉም ደርሶ ነበር። ያነሡትን ሰው አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ስም በማንሣት የመጣ ጣጣ የሰው ስም በማንሣት አይበርድም።

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በለንደን ባሉ ማኅበሮቻችንና አጥቢያዎቻችን ስም የለሽ ወረቀት አዲስ ነገር አይደለም። ኮሚቴ ከኮሚቴ በተጣላ ቁጥር አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማስቀመጫው ላይ ወረቀት ተደርድሮ ይገኛል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ስለ ማን እንደተጻፈ ግን ሁሉም ያውቃል። የእኔም ወረቀት እንደዚያ ተነበበ። ብሪክስተን የሚኖሩ ሁለት ባለትዳር እኅትማማቾች መስመር «ሀ» ስለ እኔ ነው፣ የለም ስለ እኔ ነው ተባብለው ተኳረፉ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስለ መስመር «ሐ» ደውለው «ልጄ፣ ኑዛዜውን ማን አሳየሽ?» አሉኝ። ኑዛዜ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ከእሳቸው ነው። ማልቀስ ሲጀምሩ እስኪጨርሱ ስልኩን አልዘጋሁም። መስመር «ለ»ን ደግሞ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሰይፈሥላሴ ለራሳቸው ወሰዱት። እኔ የጻፍኩት በልቦለዱ ውስጥ ስላለ አንድ እንግሊዛዊ የእህል ነጋዴ ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ ከዚያ መስመር ምን እንዳነበቡ አልጠየቅኋቸውም፤ መልሱ የእሳቸው ነው።

4. መጋቢት 14 ቀን ሥራ አስፈፃሚው ጠርቶኝ ቀረብኩ። መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ በየጭብጡ ገጽ ምልክት አድርጌበት ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ሳይከፍቱት «አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የላከሽ?» አሉኝ። ማንም አልላከኝም፣ ገጾቹን ይመልከቱልኝ አልኳቸው። «ይህን ሁሉ ማን ያነባል? ያንቺ አንድ ገጽ በቃን» ሲሉ ተሳቀ። ሌላ የኮሚቴው አባል ቀጥለው «ለመሆኑ የፈረንጅ ሐሜት ከእኛ ሐሜት በምን ቢሻል ነው ለልጆች የምታስተምሪው?» ብለው ጠየቁ። «እሱ እንኳ ታርሞ ነው የታተመው» ብዬ መለስኩ። በዚህ ማንም አልሳቀም። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ የክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ነገር የለም። ለማጣራት መጽሐፉን መክፈት በቂ ነበር።

5. በሳምንቱ እሑድ አቶ ሰይፈሥላሴ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር እቤታችን መጡ። ጾሙ ሳይፈታ እርቅ ይውረድ አሉ። ለእኔም «ጉልበት ሳሚ፣ ተሳስቻለሁ በዪ፣ ሰኞ ቁልፍሽን ትወስጃለሽ» አሉኝ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መልካም ሰው ናቸው፣ «ጥፋትማ የለብሽም ይሆናል የኔ ልጅ፤ ለእርቅ ነው እንጂ» አሉ። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ፣ ቅዳሜ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ «የምትጽፉትን በማስረጃ አስደግፉ» ልላቸው አልችልም አልኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እናቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ናት፤ እንደ ልብ መጎንበስ አይሆንላትም። አንድ በአንድ የአራቱንም ጉልበት ሳመች። «ልጅ ናት፤ በእኔ ይሁንባችሁ» አለች። መረቋት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

6. በባህላችን ለእርቅ ብሎ የወደቀ ሰው ክብሩ ይነገርለታል እንጂ ጥፋተኛ ተብሎ አይጻፍበትም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። የሥራ አስፈፃሚው የመጋቢት 23 ቀን ቃለ ጉባኤ ግን «የመምህርቷ ቤተሰብ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ስለ ጠየቀ፣ ክፍሉ በቋሚነት እንዲዘጋ ተወስኗል» ይላል። ለእርቅ የመጡት ሊቀ መንበር ፈርመውበታል። ቁልፉ አልተመለሰም። እናቴ የተጻፈውን የሰማችው በፋሲካ ማግስት ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ቆማ ታስቀድስና፣ ሰው ሰላምታ መለዋወጥ ሳይጀምር ትወጣለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው ትለኛለች። አውቶቡሱ በየስምንት ደቂቃው ይመጣል።

7. ክፍሉ ከተዘጋ ጀምሮ ተማሪዎቼን የማገኛቸው ኪልበርን ውስጥ ባለ ካፌ አንድ ጥግ ነው። ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱን ወላጆቻቸው ከልክለዋቸዋል። ከቀሩት አንዷ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ሐዊ፣ ከኬኒንግተን ሁለት አውቶቡስ ይዛ ትመጣለች። ቤቷ ከአዳራሹ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሕግ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ የምትገባው በዚህ ፈተና ውጤት ነው፤ ፈተናው ግንቦት 27 ቀን ይጀመራል። የቀረን አምስት ሳምንት ነው። ባለፈው ቅዳሜ «ቲቸር፣ ለመስመር ‹ሠ›፣ ለሐሜቱ፣ ኤቪደንስ አገኘን እኮ፤ ፈተና ላይ መጥቀስ አይቻልም እንጂ» አለችኝ። በወሩ ውስጥ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

8. ስለዚህ ኮሚቴዎ እንዲያደርግልኝ የምለምነው፦

አንደኛ፣ ስለ ቤተሰቤ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ፣ ለምን እንደተሰረዘም እናቴ በተገኘችበት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት እንዲነበብ።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ከመጪው ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን ጀምሮ ለስድስቱም ተማሪዎች እንዲከፈት። እንቅፋቱ እኔ ከሆንኩ ሌላ መምህር ይተካ፤ ወረቀቶቼን በሙሉ አስረክባለሁ፤ ከማንበብ በፊት እንዳይፈርድባቸው ብቻ ይነገረው።

ማንም ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አላመለክትም። በይቅርታ ላይ የነበረኝ እምነት ለጊዜው አልቋል።

ከዚህ ጋር ራስጌው የሚታየውን ሙሉ ገጽና የቃለ ጉባኤውን ቅጂ አያይዣለሁ። መጽሐፉንም በውሰት ልኬአለሁ፤ ለፈተናው ስለሚያስፈልገን ሲታይ ይመለስልኝ።

በልቦለዱ መጨረሻ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ያማት ወጣት ሴት ዕቃዋን በጋሪ ጭና ትሄዳለች። የካቲት 29 ቀን ሐዊ «ባትሄድ ኖሮስ?» ብላ ጠይቃኝ ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለስበታለን ብያት ነበር። ተመልሰንበት ብዙ ተነጋገርን፤ አጥጋቢ መልስ ግን እስካሁን አልሰጠኋትም። አባልነቴን አልለቅም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከእናቴ ጋር ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ። ስም የለሽ ወረቀት ጽፈሻል ተብያለሁ። ይህኛው ስም አለው።

ለእርስዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
እሌኒ ኪዳነማርያም
የወ/ሮ ብፅዓት ልጅ