በቢሮዎ ስለተቆለፈው የግራይንደር ሶኬት

ለተከበሩ አቶ ተስፋዓለም
የ«ጮራ» ብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር
ጭሮ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከገለምሶ በሰላም መመለስዎን፣ የመንገዱም አቧራ ከትንሽ ሳል በቀር እንዳልጎዳዎ ሰምተን ደስ ብሎናል። ዐሥሩም ጣቶችዎ በየቦታቸው እንዳሉ ያዩዎት ሰዎች ነግረውናል፤ የእርስዎ ሠራተኞች ግን የራሳቸውን ለማረጋገጥ ማታ ማታ መቁጠር አለባቸው።

ጉዳዩን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ መጥቼ በሩ ተቆልፎ ስላገኘሁት ነው። ሠራተኛዎ ኢርሻድ ሰኞ ወደዚያው የብረት መቁረጫ ግራይንደር ይመለሳል፤ ከሰኞ በፊት የሚያነቡትን ነገር መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፣ ሠራተኞቹ ስልካቸውን ቻርጅ እንዳያደርጉ ሶኬቱን ከሼዱ ግድግዳ ነቅለው ወደ ቢሮዎ ስላስገቡት እናመሰግናለን። የግራይንደሩ ማብሪያ ሲበላሽም ከማሠራት ይልቅ ገመዱን በቢሮዎ መስኮት አሳልፈው፣ ማንም እንዳይጎትተው ከፍርግርጉ ጋር ጥርቅም አድርገው አስረው፣ ማሽኑ ከውስጥ እንዲሰካና እንዲነቀል ማድረግዎ የሚያስደንቅ ብልሃት ነው። «ጋሼ፣ ይሰኩት!»፣ «ጋሼ፣ ይንቀሉት!» የሚለው ጩኸት እስከ ባጃጆቹ መቆሚያ ስለሚሰማ፣ ቢሮ መግባትና መውጣትዎን የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ትልቁ ዲስክ በትንሹ ግራይንደር አልገባ ሲል ዲስኩን መቀየር ትተው መከላከያ ክዳኑን ስላስወለቁልን፣ ማሽኑንም ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መንከሻ፣ በሞርሳ፣ አሳስረው ሠራተኛው ብረቱን ይዞ ወደ እሳቱ እንዲሄድ ስላደረጉ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሥራ እንዳይቋረጥ በማሰብ ማሽኑን እንደተሰካ፣ እየዞረ ትተው፣ ቢሮውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪስዎ ከተው የገለምሶ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ኢርሻድ ከምሳ በኋላ፣ እንደ አገሩ ወንድ ሁሉ፣ ሱሪውን በሽርጥ ቀይሮ ጫቱን ቀመስ አድርጎ ነበር። ከቦኬ የመጣ ደንበኛ ያዘዘውን የብረት መስኮት ሲጠይቅ ጊዜ ከነሽርጡ ተነሣ። ወደ ማሽኑ ጎንበስ ሲል ክዳን አልባው ዲስክ የሽርጡን ጫፍ ያዘው።

ጨርቁ ተጠመጠመ። ኢርሻድ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ማሽኑ ወደ ፊት ይስበዋል። በያጇ ረዲያ መነጽሯን ወርውራ ወደ መስኮትዎ ሮጠች፤ «ጋሼ፣ ይንቀሉት!» ያለችው ከልማድ ነው እንጂ ውስጥ ያለው ወንበርዎ ብቻ ነበር። ገመዱን ብትስበው ጥሩ አድርገው አስረውታል፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ በፒንሳ መቁረጥ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። ዲስኩ ከጭኑ አንድ ስንዝር ሲቀረው መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ ጭሮ ውስጥ «አልሐምዱሊላህ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። የሄደ መብራት መመለሻው አይታወቅም፤ ማሽኑ እንደተሰካ ነው፤ ሰውየው እንደታሰረ ነው። የጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ኩብራ መቀሷን ይዛ ደረሰች። ኢርሻድ የሽርጡን ቋጠሮ ጨብጦ፣ «ኩብራ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ ራቁቴን ልታስቀሪኝ ነው?» ቢላት፣ «አንተ ጅል! እግርህ ከሄደ ሽርጡን ምንህ ላይ ልታገለድመው ነው? እጅህን አንሣ!» ብላ ከወገቡ እስከ ታች ቀደደችው። ረዲያ ጃኬቷን ወርውራለት፣ እሱም ወደ ኋላ በቂጡ ተቀምጦ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ መብራቱ መጣ። ዲስኩ የቀረውን ጨርቅ እያርገበገበ መዞር ጀመረ፤ እርስዎ እስኪመለሱም ማንም ሳይጠጋው ሲዞር ዋለ።

አራተኛ፣ በማግስቱ «ሽርጥ ለብሶ ማሽን መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። እውነትዎን ነው፤ ኢርሻድም ራሱ «ሽርጥ ለበርጫ፣ ሱሪ ለሥራ» ብሎ ምሏል። የገረመን ግን ማስታወቂያው የተለጠፈበት በር ያው የተቆለፈው በር መሆኑ ነው። ያ ዲስክ የሱሪ እግርም፣ የእጅ ጓንትም፣ የረዲያን ሻሽም ይይዛል፤ ያን ቀን ደግሞ መብራት ላይሄድልን ይችላል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምንለምነው፣ ክዳኑ እንዲመለስ፣ ልኩ የሆነ ዲስክ እንዲገጠም፣ ማብሪያው እንዲሠራና ሶኬቱ የሠራተኛው እጅ በሚደርስበት ቦታ እንዲሆን ነው። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ከተገኘም እኔ ቤት ይላኩት።

ለሥልጣንዎ ዘመን፣ ለሠራተኞችዎም ጣትና እግር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በተቆለፈ በርዎ ፊት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ ዓይናዲስ
ከባጃጅ መቆሚያው ማዶ፣ ጭሮ

ማስታወሻ፦ ቁልፉ እስከ እሑድ ካልመጣ ኢርሻድ ሶኬቱ ጋ ለመድረስ የቢሮዎን በር ከነማጠፊያው ሊያወልቅልዎ ወስኗል። በሩን የገጠመው እሱ ስለሆነ አያበላሸውም፤ ሥራውም በእጅ መፍቻ ብቻ ስለሚያልቅ ለደኅንነቱ ከቶ አይስጉ።